የሳምንት ገበያና የደን መንደሮች አነስተኛ ነጋዴዎች፦ በሕንድ የነገድ አካባቢዎች የድጋፍ መንገዶች ዳሰሳ

ገበያውና ሰዎቹ

በሕንድ የነገድ አካባቢዎች የመንደር ንግድ ሁሉ የሚጀምረው ከሳምንቱ ገበያ ነው። ሃት የሚባለው ይህ ገበያ በቻቲስጋር፣ በኦዲሻ፣ በጃርካንድ፣ በማድያ ፕራዴሽና በማሃራሽትራ ደናማ ወረዳዎች በሳምንት አንድ ቀን በታወቀ ሜዳ ላይ ይቆማል። ጠዋት ሰው ከየመንደሩ ሸክሙን ይዞ ይወርዳል፤ እኩለ ቀን ላይ ገበያው ይደራል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይፈታል። የየቦታው የገበያ ቀን ስለሚለያይ ተዘዋዋሪ ነጋዴ ሳምንቱን ሙሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል። በኦዲሻ ኮራፑት ወረዳ የኩንዱሊ ገበያ ዓርብ ይውላል። በዚያው ግዛት ዶንግሪያ ኮንድ የተባሉት ሕዝቦች ከኒያምጊሪ ተራሮች ወደ ቻቲኮና የሚወርዱት ረቡዕ ሲሆን ቦንዳ የተባሉት በኦኑኩዴሊ የሚገበያዩት ሐሙስ ነው። በሰሜን ምሥራቅ በሜጋላያ የሚኖሩት ካሲዎች ደግሞ የገበያ ቀናቸውን የሚቆጥሩት በስምንት ቀን ዙር ነው።

በሕንድ ሕግ የተመዘገቡት ነገዶች ከ700 በላይ ናቸው። በ2011 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ቁጥራቸው ከ104 ሚሊዮን በላይ፣ ከአገሪቱ ሕዝብም 8.6 በመቶ ነበር (በዚህ ዳሰሳ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። በመካከለኛው ሕንድ እነዚህ ሕዝቦች አዲቫሲ በሚለው የጋራ ስም ይታወቃሉ። አብዛኞቹ በዝናብ የሚያርሱ ገበሬዎች ቢሆኑም የጥሬ ገንዘብ ገቢያቸው ትልቁ ክፍል ከደን ለቀማ፣ ከእደ ጥበብና ከትንንሽ ንግድ ይገኛል። በቅጠል ሳህን የምትሰፋ ሴት፣ ከማሁዋ ፍሬ ዘይት የሚጨምቅ ቤተሰብ፣ የቀርከሃ ቅርጫት ሠሪ፣ በቻቲስጋር ኮንዳጋዎን ናስ የሚያቀልጥ አንጥረኛ፣ በገበያ ዳር ሻይ የምታፈላ እናት፣ ሁሉም የመንደር ሥራ ፈጣሪዎች ናቸው። መነሻ ገንዘባቸው ትንሽ፣ ትርፋቸውም ቀጭን ነው፤ የሚሸጡበት ቦታ ደግሞ አንድ ነው።

እነዚህን ሰዎች ለመደገፍ ባለፉት ሰባ ዓመታት በርካታ መንገዶች ተሞክረዋል፦ የኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ የዋጋ ወለል፣ ብድር፣ ሥልጠና፣ ማቀነባበሪያ፣ የከተማ ሱቅ። ከሙከራዎቹ ጎልቶ የሚወጣው ትምህርት አንድ ነው። የመንደሩ ሻጭ ገበያ አጥቶ አያውቅም፤ የጎደለው በገበያው ላይ የመደራደር አቅም ነው። ይህን አቅም የሚሰጥ ድጋፍ ሥር ይሰዳል። የማይሰጥ ድጋፍ ግን ድጎማው ሲቆም አብሮ ይቆማል።

ለቀማ፣ ወቅትና ዋጋ

የችግሩን አሠራር ከማሁዋ የተሻለ የሚያሳይ ምርት የለም። የማሁዋ ዛፍ በመጋቢትና በሚያዝያ ያብባል። አበባው ሥጋማ፣ ፈዛዛ ቢጫና ጣፋጭ ነው፤ ሌሊቱን ሲረግፍ አድሮ ንጋት ላይ የዛፉን ሥር ይሸፍነዋል። ሴቶችና ልጆች ጎህ ሲቀድ ቅርጫት ይዘው ይደርሳሉ፤ ከዘገዩ ከብትና የዱር እንስሳ ይቀድማቸዋል። አበባው በደረቀ ቅጠል መሃል እንዳይጠፋቸው ብዙዎች አስቀድመው የዛፉን ሥር ያቃጥላሉ፤ ይህ እሳት ሲያመልጥ ደኑን ይጎዳል። የተለቀመው አበባ በግቢ ተሰጥቶ ለጥቂት ቀናት ይደርቃል። ደርቆም ለአረቄ፣ ለምግብና ለከብት መኖ ይውላል። እርጥበት ካልነካው ለወራት ሳይበላሽ ይቀመጣል።

ማሁዋ መቀመጥ መቻሉ ለለቃሚው ትልቅ ዕድል መሆን ነበረበት። በለቀማው ወራት ሁሉም ይዞ ስለሚወጣ ዋጋው ይወድቃል፤ ዝናብ ሲገባ አቅርቦቱ ያንስና ዋጋው ይወጣል። ለቃሚው ቤተሰብ ግን መጠበቅ አይችልም። ጨው፣ ዘይት፣ ልብስ፣ መድኃኒት መግዛት፣ ያለፈውን ዕዳም መክፈል አለበት፤ ቤቱም እርጥበት የማይገባው ጎተራ የለውም። ስለዚህ በሚያዝያ በርካሽ ይሸጣል፤ በክረምቱ የችግር ወራት ደግሞ ራሱ የለቀመውን ማሁዋ ከነጋዴው በውድ መልሶ የሚገዛበት ጊዜ አለ። በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ልዩነት የሚገባው ለለቀመው ሳይሆን ላስቀመጠው ሰው ነው።

የሌሎቹ የደን ምርቶች ታሪክም ከዚህ አይርቅም። ተምር ሂንዲ ከፍሬውና ከቃጫው ሳይለይ ሲሸጥ ርካሽ ነው፤ ተፈልፍሎ በጡብ መልክ ሲታሸግ ዋጋው ይጨምራል። ፈልፍለው የሚያሽጉት ግን ብዙውን ጊዜ የከተማ ነጋዴዎች ናቸው። በቻቲስጋር ባስታር አካባቢ ቺሮንጂ የሚባለው፣ በከተማ ለጣፋጭ ምግብ ማጣፈጫ በውድ የሚፈለገው ፍሬ፣ ለረጅም ዘመን በጨው ይለወጥ ነበር። ለቃሚው ጨው እንደሚያስፈልገው ያውቃል፤ ቺሮንጂው በከተማ ስንት እንደሚያወጣ ግን የሚነግረው አልነበረም።

የሚዛኑ ታሪክ

የገበያ በደል የአዲቫሲዎች የታሪክ ትውስታ አንዱ ማዕከል ነው። ሰኔ 30 ቀን 1855 የሳንታል ሕዝብ በዛሬዋ ጃርካንድ በቦግናዲ መንደር ተሰብስቦ በሲዱና በካንሁ ሙርሙ መሪነት ተነሣ። ከአመፁ ምክንያቶች ዋነኞቹ የአራጣ አበዳሪዎች ግፍ፣ የዕዳ ባርነትና የሐሰት ሚዛን ነበሩ። ነጋዴዎቹ ሁለት ዓይነት መመዘኛ ይይዙ ነበር። ከሳንታሉ እህል ሲቀበሉ ኬናራም የሚባለውን ከባዱን፣ ለእሱ ሲሸጡ ቤቻራም የሚባለውን ቀላሉን ይጠቀማሉ። ገበሬው ሲሸጥም ሲገዛም ይጎድልበታል፤ የጎደለው ዕዳ ይሆናል፤ ዕዳው ወለድ እየወለደ መሬቱን ይወስዳል። የእንግሊዝ ቅኝ ገዢዎች አመፁን በጦር ኃይል ደፈጠጡ፤ ሳንታል ፓርጋናስ የተባለ የተለየ አስተዳደር አቋቋሙ። ከዚያ ወዲህ በነገድ አካባቢዎች መሬት ወደ ውጭ ሰው እንዳይተላለፍና አራጣ እንዲገደብ የሚደነግጉ ሕጎች ተከታትለው ወጡ።

ሐሰተኛው ሚዛን መልኩን ቀይሮ አሁንም አለ። በብዙ ሃቶች የደን ምርት የሚለካው በኪሎ ሳይሆን በቆርቆሮ ወይም በቅርጫት ስፍር ነው፤ በእኛ ገበያ በጣሳና በቁና እንደሚሰፈረው ማለት ነው። ስፍሩ በራሱ ችግር የለበትም። ችግሩ ስፍሩን የሚይዘው ገዢው መሆኑ፣ መክፈፉና ማቆለሉም እሱ እንደፈቀደ መሆኑ ነው።

ደላላውና ጉልበቱ

በባስታር ኮቺያ የሚባለው አነስተኛ ገዢ በገበያው መግቢያ ወይም በመንደሩ ደጃፍ ቆሞ የሻጮችን ምርት ይሰበስባል፤ የሰበሰበውን ለከተማ ጅምላ ነጋዴ ያስረክባል። ይህን ሰው በክፉ ዓይን ብቻ መመልከት ስህተት ላይ ይጥላል። መንገድ በሌለበት መንደር ይደርሳል፣ ትንሽ መጠን ይገዛል፣ እጅ በእጅ ይከፍላል፤ ልጅ ሲታመምም ሆነ ሠርግ ሲደርስ ያበድራል። የመንግሥት ገዢ ድርጅት አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱንም አያደርግም።

የኮቺያው ጉልበት ከሦስት ነገሮች ይመነጫል። የመጀመሪያው ብድር ነው፤ ተበዳሪ ምርቱን ላበዳሪው በተቆረጠለት ዋጋ ያስረክባል። ሁለተኛው መጓጓዣ ነው፤ ሃያ ኪሎ ተሸክሞ የመጣ ሰው ዋጋ ባይስማማውም ተሸክሞ መመለስ ይከብደዋል። ሦስተኛው መረጃ ነው፤ የከተማውን ዋጋ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ሦስተኛው በተንቀሳቃሽ ስልክ መስፋፋት በመጠኑ ቀሏል። ሁለቱ ግን በስልክ አይፈቱም። ኮቺያውን ከገበያ ለማባረር የሞከሩ ዕቅዶች ያልያዘላቸውም እሱ የሚሰጠውን አገልግሎት ሳይተኩ ስለተነሡ ነው።

የመንግሥት ግዢና የዋጋ ወለል

ቀዳሚው ትልቅ ሙከራ በ1956 በአንድራ ፕራዴሽ የተቋቋመው የጊሪጃን ኅብረት ሥራ ኮርፖሬሽን ነው። መቀመጫውን ቪሻካፓትናም አድርጎ ከነገድ ሕዝቦች ሙጫ፣ ማር፣ ተምር ሂንዲና ሌሎች የደን ምርቶችን ይገዛል፤ በዚያው መጋዘን ሩዝ፣ ጨው፣ ዘይትና ሳሙና በተመጣጣኝ ዋጋ ይሸጣል። ሐሳቡ ብልህነት ያለበት ነው። ኮቺያው ሲገዛም ሲሸጥም ስለሚያተርፍ፣ ድርጅቱ በሁለቱም በኩል ተፎካካሪ ሆነበት። በ1970ዎቹ በሌሎች ግዛቶች ብድርን፣ ግብርና ግብዓትንና ግዢን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያጣምሩ ሰፋፊ ሁለገብ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቋሙ። ብዙዎቹ ግን በመንግሥት ሠራተኞች የሚመሩ፣ አባላቱም እንደ ደንበኛ እንጂ እንደ ባለቤት የማይቆጠሩባቸው ሆነው ቀሩ። በ1987 ትሪፌድ የተባለው የነገዶች ኅብረት ሥራ ገበያ ልማት ፌዴሬሽን በአገር አቀፍ ደረጃ ተመሠረተ።

በቴንዱ ቅጠል የተወሰደው እርምጃ ከዚህ የጠነከረ ነበር። ቅጠሉ ቢዲ ለሚባለው የሕንድ ሲጋራ መጠቅለያ ይሆናል። የማድያ ፕራዴሽ መንግሥት በ1964 ንግዱን በራሱ እጅ አደረገ፤ ሌሎች ግዛቶችም ተከተሉት። ለቃሚዎች በሚያዝያና በግንቦት ሐሩር ቅጠሉን ለቅመው ሃምሳ ሃምሳውን ያስራሉ፤ አንድ መደበኛ ጆንያ 1,000 እስር ይይዛል። የመንግሥት ብቸኛ ገዢነት የለቃሚውን ክፍያ የተወሰነና የታወቀ አድርጎለታል። በሌላ በኩል ለቃሚው ለሌላ የመሸጥ መብቱን ያጣ ሲሆን ከንግዱ የሚገኘው ትርፍ ለረጅም ዓመታት ወደ መንግሥት ካዝና ሲገባ ኖሯል። ቆይቶ አንዳንድ ግዛቶች ትርፉን ለለቃሚዎች ማካፈል ጀመሩ።

ማዕከላዊው መንግሥት ለአነስተኛ የደን ምርቶች የዋጋ ወለል ያወጣው በ2013 ነው። ዝርዝሩ በጥቂት ምርቶች ተጀምሮ ከ80 በላይ ደርሷል። በ2020 ቻቲስጋር የደረቀ ማሁዋን ዋጋ በኪሎ ወደ 30 ሩፒ ከፍ ስታደርግ ግዢውን በሃቱ ላይ እንዲያካሂዱ ያሰማራችው የሴቶች ራስ አገዝ ቡድኖችን ነው። የዚህ አሠራር ጥቅም ከተገዛው መጠን በላይ ይሄዳል። በገበያው ውስጥ በወለሉ ዋጋ የሚገዛ አንድ እውነተኛ ገዢ ካለ፣ ኮቺያውም ዋጋውን ከፍ ለማድረግ ይገደዳል። ወለሉ በወረቀት ላይ ብቻ ሲሆን፣ የግዢ ጣቢያው ሩቅ ሲሆን ወይም ክፍያው ሳምንታት ሲዘገይ ግን ለቃሚው ወደ ኮቺያው ይመለሳል፤ ዛሬ ያልተከፈለ ከፍተኛ ዋጋ ለተራበ ቤት ምግብ አይሆንም።

መብት ከንግድ ይቀድማል

የደን ምርት የሚሸጥ ሰው ምርቱ የራሱ መሆኑ መታወቅ አለበት። ለረጅም ዘመን ደኑ የመንግሥት ስለነበር ለቃሚው በገዛ ቀዬው እንደ ሌባ ይታይ ነበር፤ ፈቃድ የሌለው ሻጭ ደግሞ መደራደር አይችልም። በ1996 ፔሳ የተባለው ሕግ በነገድ አካባቢዎች ለሚገኙ የመንደር ጉባኤዎችና ምክር ቤቶች ሦስት ከንግድ ጋር የተያያዙ ሥልጣኖች እንዲሰጧቸው ደነገገ። እነሱም የአነስተኛ የደን ምርት ባለቤትነት፣ የመንደር ገበያ አስተዳደር እና የአራጣ ብድር ቁጥጥር ናቸው። ከሳንታሎች ዘመን ጀምሮ የነበረውን የበደል ሰንሰለት ይህን ያህል በቅርበት ያየ ሕግ ጥቂት ነው። አፈጻጸሙ ግን በየግዛቱ ደንብ ላይ የተንጠለጠለ በመሆኑ በብዙ ቦታ ለዓመታት ተጓተተ። የ2006ቱ የደን መብት ሕግ ደግሞ መሰብሰብን፣ መጠቀምንና መሸጥን የማኅበረሰቡ መብት አድርጎ አጸና።

የማሃራሽትራዋ ሜንዳ ሌካ መንደር ይህ መብት ምን ሊያደርግ እንደሚችል አሳይታለች። የጎንድ ሕዝብ የሚኖርባት ይህች የጋድቺሮሊ መንደር ውሳኔዋን ሁሉ በሙሉ ስምምነት በጉባኤ የምታሳልፍ ናት። በ2009 በ1,800 ሄክታር ገደማ ደን ላይ የማኅበረሰብ መብት አገኘች። የደን መሥሪያ ቤቱ ግን ቀርከሃ ዛፍ ነው በሚል ሽያጩን አገደ። በ2011 የማጓጓዣ ፈቃድ መጽሐፉ ለመንደሩ ጉባኤ ተላለፈና መንደሯ ቀርከሃዋን ራሷ በጨረታ መሸጥ ጀመረች። ከዚያ በኋላ ነጋዴው የሚደራደረው ከተናጠል ቆራጮች ጋር መሆኑ ቀርቶ ከመላው መንደር ጋር ሆነ።

ብድር፣ ሴቶችና ቡድኖች

የኮቺያው ዋና ጉልበት ብድር በመሆኑ፣ አማራጭ ብድር የሌለበት የገበያ ድጋፍ ግማሽ ሥራ ነው። በ1992 ናባርድ የተባለው የገጠር ልማት ባንክ በ500 ቡድኖች የጀመረው ሙከራ ራስ አገዝ ቡድኖችን ከባንክ ጋር ያገናኛል። ከአሥር እስከ ሃያ የሚሆኑ ሴቶች በየሳምንቱ ትንሽ ገንዘብ ያስቀምጣሉ፣ እርስ በርስ ይበዳደራሉ፣ መዝገባቸው ሲታመን ባንክ ይጨምርላቸዋል። በ2011 የተጀመረው ብሔራዊ የገጠር ኑሮ ተልዕኮ አሠራሩን በመላ አገሪቱ አስፋፋ። ለደን ለቃሚ ቤተሰብ የዚህ ብድር ትልቁ ጥቅም በሚያዝያ ያለውን ጫና ማቅለሉ ነው፤ አንዲት ሴት ከቡድኗ ተበድራ ጨውና ዘይት ከገዛች፣ ማሁዋዋን እስከ ክረምት ማቆየት ትችላለች።

በ2016 ሥራ የጀመረው የመንደር ሥራ ፈጣሪነት ፕሮግራም ደግሞ አማካሪዎቹን የመለመለው ከዚያው ማኅበረሰብ ነው። የሰለጠኑት የመንደር ልጆች ጎረቤቶቻቸውን ወጪና ገቢ መመዝገብ፣ ዋጋ መተመን፣ ብድር መጠየቅ ያስተምራሉ። ጎንዲ ወይም ሃልቢ ለምትናገር ሻጭ፣ በቋንቋዋ ስለ ሂሳብ የሚያስረዳት የሠፈር ሰው ከከተማ ከመጣ አሠልጣኝ ይሻላታል።

ማቀነባበርና ሩቅ ገበያ

ቫን ዳን የተባለው ዕቅድ ሚያዝያ 14 ቀን 2018 በቻቲስጋር ቢጃፑር ተመረቀ። አሥራ አምስት ቡድኖች ሃያ ሃያ ለቃሚዎችን ይዘው፣ ማለትም ሦስት መቶ ሰው፣ አንድ ማዕከል ያቋቁማሉ፤ ለማሽን፣ ለሥልጠናና ለመነሻ እስከ 1.5 ሚሊዮን ሩፒ ያገኛሉ። ተምር ሂንዲ ይፈለፍላሉ፣ ማር ያጣራሉ፣ ዘይት ይጨምቃሉ። የተቀነባበረው ምርት ዋጋ ከጥሬው ስለሚበልጥ ተጨማሪው ትርፍ መንደር ውስጥ ይቀራል። ድክመቱ የሚታየው ማዕከሉ ከገዢ ፍላጎት ቀድሞ ለማሽኑ ሲጨነቅ ነው፤ ያለ ቋሚ ሥራ ማስኬጃ ገንዘብና ያለ ተረካቢ የተገዛ ማሽን አቧራ ይጠጣል።

የአራኩ ሸለቆ ቡና በሩቅ ገበያ የተሳካ ምሳሌ ነው። በአንድራ ፕራዴሽ ምሥራቃዊ ተራሮች የሚኖሩ ገበሬዎች በጥላ ሥር የሚያበቅሉት አረቢካ በ2019 በመልክዓ ምድራዊ መጠሪያ ተመዝግቦ ጥበቃ አገኘ፤ ከዚያ ቀደም ብሎ በ2017 በፓሪስ በስሙ የቡና ቤት ተከፍቶለት ነበር። ስኬቱ የመጣው በጥራት ላይ ለዓመታት በተሠራ ሥራ፣ በቀይ ፍሬ ለቀማና በጋራ ማጠቢያ ነው። ሁሉም ምርት ግን ይህን መንገድ አይከተልም። ሩቅ ገበያ ብዛት፣ ወጥነትና ሰነድ ይጠይቃል፤ ፋሽን ሲለወጥ ደግሞ ያለ ማስጠንቀቂያ ይጠፋል። ጎረቤት ገበያ ግን በየሳምንቱ ይመለሳል። ለአብዛኛው ቅርጫት ሠሪና ዘይት ጨማቂ መሠረቱ ሃቱ፣ ሩቁ ገበያ ተጨማሪ ነው።

የገበያው ሜዳ

በ2018 የሕንድ በጀት 22,000 የሚሆኑ የገጠር ሃቶችን ወደ ተሻሻለ የገጠር ገበያ ለመቀየር ዕቅድ ይፋ ሆነ። የሚያስፈልገው ነገር የተወሳሰበ አይደለም፦ ጥላ፣ ከጭቃ ከፍ ያለ መደብ፣ የመጠጥ ውኃ፣ ለሴቶች የሚሆን መጸዳጃ፣ የጋራ መጋዘን፣ ለሁሉም ክፍት የሆነ የተፈተሸ ሚዛን፣ የዕለቱ ዋጋ የሚጻፍበት ሰሌዳ። የቀረጡ ነገርም ሊታሰብበት ይገባል። የገበያ ቀረጥ ለተጫራች ሲከራይ፣ ሰብሳቢው ከሁለት ቅርጫት ሻጭ ሴት ጭምር የቻለውን ያህል ይወስዳል፤ ገበያው በመንደር ጉባኤ ሲተዳደር ግን ቀረጡ ለሜዳው ማሻሻያ ይውላል።

ሃት የሰው መገናኛም ነው። ቻቲስጋር በ2019 ተንቀሳቃሽ ክሊኒኮች ወደ ሃት እንዲሄዱ አድርጋለች፤ ሐኪም ዘንድ ለመድረስ የአንድ ቀን መንገድ የሚሄድ ሰው በገበያ ቀኑ ይታከማል። ባንክ፣ የእንስሳት ሐኪምና የእርሻ ባለሙያም በዚሁ መንገድ ሊመጡ ይችላሉ። ቱሪስት ግን በጥንቃቄ መስተናገድ አለበት። እንደ ኦኑኩዴሊ ባሉ ገበያዎች የሰው አለባበስ ትዕይንት ሆኖ በካሜራ ሲከበብ፣ የሻጮቹ ክብር ይነካል፤ ገቢውም ወደ አስጎብኚ ድርጅቶች ይሄዳል።

የድጋፉ ቅደም ተከተል

ከእነዚህ ሁሉ ሙከራዎች የሚወጣው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። በመጀመሪያ ሻጩ ለምርቱ ሕጋዊ ባለቤት ይሁን፤ ያለዚህ የሚሰጥ ማሽንም ሆነ ብድር በሌላ ሰው ንብረት ላይ የተሠራ ሕንፃ ነው። ቀጥሎ ሚዛኑ ይስተካከል፣ የገበያው ሜዳም በማኅበረሰቡ እጅ ይግባ። ከዚያ በለቀማው ወቅት የሚያስጠብቅ ብድርና ደረቅ መጋዘን ይምጣ። የዋጋ ወለልም በሃቱ ላይ እጅ በእጅ የሚከፍል ገዢ ይኑረው። ማቀነባበሪያ የሚከተለው እነዚህ ሲሟሉ ነው፤ የከተማና የውጭ ገበያ ደግሞ በመጨረሻ ይመጣል። ብዙ ዕቅዶች ይህን ሰልፍ ገልብጠው ከማሽኑና ከከተማው ሱቅ ስለጀመሩ ለቃሚዋን ሳይደርሷት ቀርተዋል። የደን መንደር ነጋዴ በራሷ ገበያ ላይ ቀና ብላ ዋጋ መጥራት ከቻለች፣ ያልተስማማትንም ዋጋ እምቢ ብላ ምርቷን ወደ ቤቷ ይዛ መመለስ ከቻለች፣ ድጋፉ ዓላማውን መትቷል።